ቆላ ወርደህ ነበር?

ዲንሾ ሌሊቱ ውርጭ፣ ጠዋቱ ጉም ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሮቤ ተነስቶ ወደ ሻሸመኔ የሚያቀና ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ያገኛታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው። የደጋ አጋዘን ከጥድና ከኮሶ ዛፍ ሥር ሲግጥ ከመንገዱ ዳር ይታያል። ገብስ ይዘራባታል፣ ፈረስ ይጋለብባታል፣ ጋቢ ከትከሻ አይወርድባትም። የወባ ትንኝ ግን አትራባባትም፤ ብርዱ አያኖራትም።

እንግዲህ ዲንሾ ውስጥ ወባ የተገኘበት ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው ማለት ይቻላል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ከደጋው ወርዶ አድሯል። የደሙን ጠብታ በማይክሮስኮፕ የሚመለከት የላብራቶሪ ባለሙያ የሚያየው የወባውን ተሕዋሲ ብቻ አይደለም፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት የታደረበትን ቆላም ጭምር ነው።

ደገኛው ይህን ያወቀው ማይክሮስኮፕ ከመምጣቱ በፊት ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው እሳት ዳር ተጠቅልሎ ሲገኝ ከቤተሰቡም ከጎረቤቱም አፍ የምትወጣ አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ «ቆላ ወርደህ ነበር?» የባሌ ኦሮሞ ደጋውን በዳ፣ ቆላውን ገሞጂ፣ ወባን ቡሳ ይለዋል። ሦስቱ ቃላት በአንድ ወሬ ውስጥ ከተሰሙ የታማሚው ታሪክ ግማሹ ተነገረ ማለት ነው።

ሰው ከደጋ የሚወርደው ሳይገደድ አይደለም። በባሌ ከብት እንደ ወቅቱ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ የሚነዳበት ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ሣር ፍለጋ ነው፤ ከብት በሄደበት እረኛ ይሄዳል፣ እረኛም ከብቱ ካደረበት ያድራል። ሌላው ጠሪ ቡና ነው። ከጎባ በስተደቡብ መንገዱ የሳነቴን አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ያቋርጥና ከቱሉ ዲምቱ ተራራ (4,377 ሜትር) ግርጌ አልፎ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። በጫካው ታችኛ ክፍል ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ይገኛል። ከጫካው ወዲያ ደሎ መና ነው፤ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ። በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ሰው ከውርጭ ወደ ሙዝና ማንጎ አገር ይገባል። ይህን ያህል ቁልቁለት በጥቂት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ በኢትዮጵያ ብዙ የለም።

ሦስተኛው ጠሪ እምነት ነው። ድሬ ሼክ ሁሴን፣ በባሌ ቆላ ወደ ዋቢ ሸበሌ ወንዝ በኩል የሚገኘው ጥንታዊ ቅዱስ ስፍራ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ከየአቅጣጫው ተጓዥ ይጎርፍበታል። ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከባሌ ደጋ ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው በእግር ለቀናት የሚጓዙ አሉ፤ መንገድ ላይ ያድራሉ፣ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። በዓሉ የሚውለው በእስልምና የጨረቃ አቆጣጠር ስለሆነ በየዓመቱ ወቅቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት በደረቅ ወር፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ትንኝ በሞላበት ሰሞን ላይ ይወድቃል።

ቡና ለቃሚው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ቡናው የሚቀላው በመጸው ነው፤ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ወባ የሚበረታውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ለቀማውና ትንኟ ቀጠሮ የያዙ ይመስላሉ። በደቡብ ባሌ ቆላ ደግሞ ዝናቡ ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በመጸው፣ ስለሚጥል ከበልጉም በኋላ ሌላ የወባ ሰሞን አለ። አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀ የወባ የቀን መቁጠሪያ ለደሎ መና ሙሉ በሙሉ አይበቃም።

አሁን ወደ ድሮው እንመለስ።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ሲደርስ በወደቡ ሰው ከሚጨርሱ በሽታዎች ግንባር ቀደሙ «ንዳድ» የሚባል ብርቱ ትኩሳት መሆኑን መዝግቧል። ቃሉ ዛሬም በአማርኛ አለ፤ ነደደ ከሚለው የወጣ ነው። የትኩሳት መዝገበ ቃላታችን ሀብታም ነው። በፀሐይ ወይም በጠረን የሚመታው ምች ነው፤ ለእሱ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፣ ይቀባል። በሰፈርና በጦር ካምፕ የሚዛመተው ተስቦ ነው። ተሽሎት የነበረውን ሰው ተመልሶ የሚጥለው ግርሻ ነው። የቆላው ንዳድ ወይም ወባ ነው። ሳይንሱ በኋላ መጥቶ ለእያንዳንዱ ተሕዋሲና አስተላላፊ አገኘለት እንጂ፣ ስያሜዎቹ ራሳቸው ትኩሳት ሁሉ አንድ አለመሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ ሥራ ናቸው።

ከድሮው ጥንቃቄ ሁሉ የሚያስገርመው «ቆላ ውለህ ተመለስ እንጂ አትደር» የሚለው ነው። ደገኛ ገበሬ ቆላ ያለውን ማሳውን ቀን አርሶ ማታ ወደ ዳገቱ የሚወጣበት ልማድ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ነበረ። ምክንያቱን ለሙቀቱ ወይም ለአየሩ ይሰጡት ይሆናል፤ አውሮፓውያንም ቢሆኑ ያን ጊዜ ከረግረግ በሚነሳ መጥፎ አየር ነበር የሚያሳብቡት። ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋሲ ትንኝ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና፣ ምክንያቱን የሳተው ጥንቃቄ ድርጊቱን አልሳተም።

መድኃኒቱም በቋንቋችን ላይ አሻራውን ትቷል። ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የሚገኘው ኩዊኒን እ.ኤ.አ. በ1820 በፈረንሳይ ኬሚስቶች ተለይቶ ከወጣ በኋላ የቆላ ተጓዥ ስንቅ ሆነ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ስሙ ኪኒን ሆነ። ዛሬ ለራስ ምታትም፣ ለደም ግፊትም፣ ለጨጓራም የሚዋጠው እንክብል ሁሉ ኪኒን ነው። አንድ የትኩሳት መድኃኒት የመድኃኒቶች ሁሉ መጠሪያ መሆኑ ወባ በዚህ አገር ምን ያህል ቤተኛ እንደነበረች ይናገራል።

መንግሥት ወባን በሙሉ ኃይሉ እንዲመለከታት ያስገደዱት ሁለት መቅሠፍቶች ናቸው። የመጀመሪያው በጣና ዳር፣ በደምቢያ ሜዳ የተነሳው ወረርሽኝ ነው፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. እንዲከፈት ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ወረዳ የመላክ ሐሳብ ከዚያ ተወለደ። ሁለተኛው ከዚያ እጅግ የከፋ ነው። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወባ ከቆላው አልፋ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ተስፋፋች። 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። የበዛ ዝናብና ያልተለመደ ሙቀት ትንኟን ወደ ላይ ገፍቷት ነበር፤ ሞቱን ያበዛው ግን የሰዉ ደም ወባን የማያውቅ መሆኑ ነው። በቆላ ያደገ ሰው ተደጋጋሚ ሕመም ከፊል መከላከያ ይሰጠዋል። ደገኛ ያ የለውም፤ ጎልማሳ ቢሆንም በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።

ከዚያ መዓት ማግስት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ረጪዎች ዲዲቲ በጀርባቸው አዝለው ቤት ለቤት ዞሩ፣ ናዝሬት ላይ ባለሙያ ሠለጠነ፣ ካርታ ተሠራ። በካርታው ላይ 2,000 ሜትር ድንበር ሆነ፤ ከሱ በታች ወባማ፣ ከሱ በላይ ከወባ ነፃ። ውሳኔው ትክክል ነው፤ ገንዘብም ዲዲቲም የሚበቃው ለቆላው ብቻ ነበር። ነገር ግን ካርታው የሚያሳየው ትንኟ የምትኖርበትን እንጂ ታማሚው የሚተኛበትን አይደለም። እንደ ዲንሾ ያለ ከተማ «ነፃ» ከሚለው ቀለም ውስጥ ገባ፤ በዚያው «ቆላ ወርደህ ነበር?» የምትለው ጥያቄም ቀስ በቀስ የተረሳች ይመስላል።

የምትረሳበት ምክንያት የበሽታው ጠባይ ውስጥም አለ። ሰው ደሎ መና በተነከሰ ዕለት አይታመምም። ክፉው የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይደበቃል። በዚህ መካከል ቡናው ተሸጧል፣ መንገደኛው ሳነቴን ተሻግሯል፣ ቤቱ ገብቷል። ሲያንቀጠቅጠው ያለው ዲንሾ ነው። ዲንሾ ላይ ደግሞ መንቀጥቀጥ ማንን ይደንቃል? «ብርድ መቶኛል» ይላል፤ ሚስቱ ትኩስ አጥሚት ትሠራለታለች፣ ሌላ ጋቢ ይደረብለታል። ሦስት ቀን ያልፋል። ሌላው ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ ከዚህም በላይ ተንኮለኛ ነው፤ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከወራት በኋላ ይነሳል። ለመስቀል ሰሞን ቆላ የወረደ ሰው በፋሲካ ሰሞን ሊተኛ ይችላል፤ ማን ያገናኘዋል?

ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሌላ ታሪክ ይጠብቀዋል። በኢትዮጵያ ከተሞች ትኩሳት ይዞት ተመላላሽ ክፍል የሄደ ሰው ደም ሰጥቶ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መመለሱ የተለመደ ነው። ሁለቱ ስሞች እንደ መንታ ወንድማማች አብረው ይጠራሉ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ይገኛሉ ብሎ ማመን ግን ይከብዳል። ምርመራዎቹ ያረጁ ናቸው። የታይፎይዱ ዊዳል ከ1896፣ የታይፈሱ ዌይል ፌሊክስ ከ1916 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሉ፤ አንድ ጊዜ በተወሰደ ደም ብቻ ሲነበቡ ድሮ የታመመውንም፣ ሌላ ትኩሳት ያለበትንም «አዎ» ሊሉ ይችላሉ። ርካሽና ፈጣን ስለሆኑ ግን ከየላብራቶሪው አልወጡም። ለታማሚው ስም ይሰጡታል፤ ስም ያገኘ ሕመም ደግሞ ሌላ ጥያቄ አይጠየቅበትም።

ስለ ወባ ምርመራም አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አቁሞ፣ ከጣት በተወሰደ የደም ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ወባን የሚለይ ኪት እስከ ገጠር አድርሷል። ብዙ ነፍስ ያተረፈ ሥራ ነው። ሆኖም ኪቱ የሚያውቀው ወባን ብቻ ነው። ማይክሮስኮፕ ግን ወባ ፍለጋ የተዘጋጀውን ያንኑ የደም ፊልም ሲመለከት እንደ ሽቦ የተጠማዘዘውን የግርሻ ተሕዋሲም ያገኘዋል። ግርሻ በቅማል የሚተላለፍ፣ ሰው ተፋፍጎ በሚያድርበት ብርዳም ስፍራ የሚበረታ በሽታ ነው፤ በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ ከግንባር ተመልሰው በካምፕ የተሰበሰቡ ወታደሮችን አጥቅቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ተሰደው ኔዘርላንድ፣ ጀርመንና ጣሊያን በደረሱ ወጣቶች ደም ውስጥ ተገኘ። አውሮፓ በሽታውን ከረሳችው ቆይታ ነበር። ሐኪሞቹ ወባ ሲፈልጉ ነው ያገኙት፤ ወባን የፈለጉትም ወጣቶቹ የመጡበትን መንገድ ስላወቁ ነው።

ጥያቄዋ ስትረሳ ምን እንደሚከተል ለማየት ወደ ደቡብ ጎንደር መሄድ ያሻል። ሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በአዲስ ዘመን ዙሪያ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የገበሬ አገር ነው። ከዚያ በየዓመቱ ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ይወርዳሉ። ሁመራ ሰፋፊ እርሻዎች ከተከፈቱባት ጀምሮ ካላዛር የቀን ሠራተኛውን ሲያጠቃ ኖሯል፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ፣ ትኩሳቱ ለሳምንታት የሚዘልቅ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ፣ ሰውነት የሚያከሳ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ። ሊቦ ከምከም ላይ ሰዎች በዚህ ዓይነት ትኩሳት መታመም ሲጀምሩ የታከሙት ለወባ ነበር። መድኃኒቱ አልሠራም። ያኔ የተጠረጠረው ወባው መድኃኒቱን መላመዱ ነው፤ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፣ ክሎሮኪንን የተካው ፋንሲዳርም አቅሙ ደክሞ በ1996 ዓ.ም. ኮአርተም ቦታውን ይዞ ነበርና። እውነቱ የወጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። በድንበር የለሽ ሐኪሞች ድጋፍ በተደረገ ምርመራ በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ደጋ ነው ተብሎ ካላዛር ባልተጠረጠረበት አገር። በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ የተከፈተው ሕክምና በጥቂት ዓመታት ከ2 ሺህ በላይ ሰው አስተናገደ። መነሻው ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል። በኋላ ግን ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናትም ታመሙ፤ በሽታው አገሩን ለምዶ ቀረ።

ባሌም ከዚህ የራቀች አይደለችም። የገናሌ ወንዝ ተፋሰስ በአገሪቱ ካላዛር ካለባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ቆላው ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. በዴንጌ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በቺኩንጉኒያ ተመታች፤ ሁለቱም ቀን የምትናከስ፣ በቤት ውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ሌላ ትንኝ የምታመጣቸው ናቸው። «ውለህ ተመለስ» የሚለው የአባቶች ምክር እዚያ ላይ አይሠራም። ለዴንጌ ታማሚ አስፕሪን መስጠት ደም ሊያፈስ ስለሚችል ከድሬዳዋ መመለሱን ያልጠየቀ ባለሙያ ሳያስበው ሊጎዳው ይችላል። ወባም ተመልሳ በርትታለች፤ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20፣ 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ዓለም ሲሞቅ ትንኟ ዳገት እንደምትወጣም በኢትዮጵያ ደጋ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ዲንሾ ገና ሩቅ ናት፤ በሽታው የሚደርስባት በሰው እግርና በመኪና ጎማ ነው።

«ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ሲገኝ ሰውየው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ መንገደኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ለወራት በየበሩ ሙቀት ተለካ፣ ጉዞ ተጠየቀ፣ ተጻፈ። መሣሪያው ሲሰበሰብ ጥያቄውም አብሮ ተሰበሰበ። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ጥያቄው ባትሪ አይፈልግም ነበር።

ለደጋ ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል የሚያስፈልገው ውድ ነገር አይደለም። ካርዱ ላይ ከሙቀቱና ከክብደቱ ጎን አንድ መስመር፤ ባለፈው አንድ ዓመት የት አደሩ? መቼ ተመለሱ? ምን ሲሠሩ ነበር? እረኛ፣ ቡና ለቃሚና ተሳላሚ የሚያድሩበት ይለያያልና ሦስተኛዋ ጥያቄ ትርፍ አይደለችም። መልሱ ቆላ ከሆነ ኪት ብቻ ሳይሆን የደም ፊልም፤ የመጀመሪያው ፊልም ንጹሕ ቢሆን እንኳ በማግስቱ መድገም፣ ምክንያቱም ተሕዋሲው ጥቂት ሲሆን ሊያመልጥ ይችላል። ቫይቫክስ ከሆነ ጉበት ውስጥ የተኛውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ሳይቋረጥ የሚዋጥ መሆኑን አስረድቶ ቀጠሮ መስጠት። ሰውየው ካቃዠ፣ ካስመለሰ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም መቆም ካቃተው ሳያመነቱ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ፤ መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አስፋልትም ነው። መቆም ካቃተው ሰው ይልቅ በእግሩ የመጣው ይበልጥ ያሳስባል፤ ኪኒን ይዞ ቤቱ የሚመለሰው እሱ ነውና።

ይህን የምታነብ ደገኛም ብትሆን፣ የቡናው ለቀማ አልቆ ወይም ከሼክ ሁሴን ተሳልመህ፣ ከሁመራም ይሁን ከደሎ መና ተመልሰህ ትኩሳት ቢይዝህ ማንም እስኪጠይቅህ አትጠብቅ። ካርድ ስታወጣ ከስምህና ከዕድሜህ ቀጥለህ ቆላ ማደርህን ተናገር፤ ቀኑንም ጨምርበት።